የኤረር ዝንጀሮዎች

እ.ኤ.አ. በ1925 የለንደን መካነ እንስሳት ወደ መቶ የሚጠጉ ሐማድርያስ ዝንጀሮዎችን በሰው ሠራሽ የድንጋይ ኮረብታ ላይ ለቀቀ። ወንድ በወንድ ነበሩ ማለት ይቻላል። ከሁለት ዓመት በኋላ 30 ሴቶች ሲጨመሩላቸው ወንዶቹ ተሻሙባቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች በዚያው ሽሚያ አለቁ። የእንስሳት ተመራማሪው ሶሊ ዙከርማን ይህን ተመልክተው በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የዝንጀሮን ማኅበር አጣብቆ የያዘው ወሲብ ነው አሉ። እስር ቤት ጎብኝቶ ስለ አገሬው ኑሮ እንደ መጻፍ ነበር፤ ያም ሆኖ መጽሐፉ ለዓመታት ተከብሮ ኖረ።

ዝንጀሮዎቹን አገራቸው ድረስ ሄደው ያዩዋቸው የዙሪኩ የእንስሳት ተመራማሪ ሀንስ ኩመር ናቸው። በ1953 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በታኅሣሥ ግርግር በታመሰችበት ዓመት፣ ከፍሬድ ኩርት ጋር ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ የጅቡቲው ባቡር በሚያልፍበት በኤረር አካባቢ ሰነበቱ።

እዚያ ሲመሽ በመቶ የሚቆጠሩ ዝንጀሮዎች ገደል ላይ ለማደር ይሰባሰባሉ። ሲነጋ ግን ጎፈሩ የነጣ እያንዳንዱ አውራ ጥቂት ሴቶቹንና ግልገሎቹን አስከትሎ ይወርዳል። አንዷ ወደ ኋላ ከቀረች ዞር ብሎ ያፈጥጥባታል። ካልሰማች ሮጦ ማጅራቷን ይነክሳታል። የሚገርመው፣ የተነከሰችው አትሸሽም፤ እየጮኸች ወደ ነከሳት ትጠጋለች። ጎረቤት አውራዎችም አንዱ የያዛትን ሌላው አብዛኛውን ጊዜ አይመኝም። ለንደን ላይ የጠፋው ይህ ነበር።

አኑቢስ የሚባለው ሌላው ዝንጀሮ እንዲህ ያለ ደንብ የለውም፤ ሴቷ ማንንም አትከተልም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኩመርና ባልደረቦቻቸው ሴቶቹን አቀያየሯቸው። በሐማድርያስ መንጋ መካከል የተለቀቀችው አኑቢስ ወዲያው ባለቤት አገኘች፤ ከጥቂት ንክሻ በኋላ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ መከተል ለመደች። ወደ አኑቢሶች የሄደችው ሐማድርያስ ደግሞ የሚጠብቃት ስታጣ መከተሉን ተወችው። የሴቶቹ ጠባይ በአብዛኛው ከልምድ የመጣ ነበር። ወንዱ ግን አብሮት የተወለደውን የሚያደርግ ይመስላል።

ሁለቱ ዝርያዎች ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ አዋሽ ፏፏቴ አካባቢ ነው። እዚያ የሚወለደው ክልስ ወንድ ሴቶቹን ሊጠብቅ ይሞክራል፤ እንደ ሐማድርያሱ ግን አይሆንለትም።