የጃፓን ሰዓት፣ የሀበሻ ሰዓት

ርካሽ የጃፓን ሰዓት ገዝታችሁ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን የማብራሪያ ወረቀት አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ማንም አያነባትም። የሴይኮን ግን አንድ ቀን አንብቧት። ሰዓቱን አድርጋችሁ ገላ አትታጠቡ፣ ሳውና አትግቡ ትላለች፤ የፍል ውሃ ማዕድናትም የሰዓቱን ውሃ የመከላከል አቅም ቶሎ ሊያዳክሙት እንደሚችሉ ታስጠነቅቃለች። ፍል ውሃ! ይህን ለመጻፍ የጃፓን ሰው መሆን ያስፈልጋል። አገሩ የእሳተ ገሞራ አገር ነው፣ ሕዝቡም ኦንሰን በሚሉት ፍል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይወዳል። እኛም ስምጥ ሸለቆ ላይ ስለተቀመጥን ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብለን አዋሽ ዳር ሶደሬ እንዘፈዘፋለን። ስለዚህ ወረቀቷ እኛንም ትመለከተናለች።

«30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ 30 ሜትር ጥለቁ ማለት አይደለም። ሰዓቱ አዲስ ሆኖ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ያን ያህል የውሃ ግፊት ይችላል ማለት ነው። ውሃውን የሚያግደው በጀርባ ክዳኑና በጎን ማዞሪያው ሥር ያለ ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ነው። ላስቲክ ደግሞ ሙቀት ሲደጋገምበት ይደክማል። ከሙቅ ገንዳ ወጥታችሁ ቀዝቃዛ ሻወር ሥር ስትቆሙ ሰዓቱ ውስጥ ያለው አየር ይኮማተርና እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። በማግስቱ መስታወቱ ሥር ጉም ያየ ሰው «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ግን ኦሪጅናሉም እንደዚያው ያደርጋል። 30 ሜትር እጅ ለመታጠብና ለዝናብ ነው፣ 50 ሜትር ለተራ ዋና፣ 100 ሜትር ሳያስቡ ለመዋኘት። ለፍል ውሃ የሚሆን ቁጥር የለም። ሶደሬ ስትደርሱ አውልቁት፣ አለቀ።

ከጃፓኖች ጋር የሚያመሳስለን ግን ፍል ውሃ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. እስከ 1872 መጨረሻ ድረስ እነሱም እንደኛ ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት ከፀሐይ ነበር። ከንጋት እስከ ምሽት ያለውን ስድስት ቦታ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ያለውንም ስድስት ቦታ ይከፍሉታል። አቆጣጠሩ ወደ ታች ነው፦ እኩለ ቀንም እኩለ ሌሊትም ዘጠኝ ይባላሉ፣ ከዚያ ስምንት፣ ሰባት እያለ አራት ላይ ያበቃል። ንጋትና ምሽት ሁለቱም «ስድስት» ናቸው።

ችግሩ የቶኪዮ ፀሐይ ነው። እዚያ የሰኔ ቀን ወደ 14 ሰዓት ተኩል ይረዝማል፣ የታኅሣሥ ቀን ደግሞ 10 ሰዓት አይሞላም። ሁለቱንም ስድስት ቦታ ስትከፍሉት የሰኔዋ አንድ ሰዓት ከታኅሣሧ በጣም ትረዝማለች። ከአውሮፓ የመጣው የጥርስ ማሽን ግን እኩል ሰዓት ብቻ ነው የሚያውቀው። የጃፓን ባለሙያዎች ታዲያ ማሽኑን ለአገራቸው ሰዓት አስገደዱት፤ ለቀንና ለሌሊት የተለያየ ፍጥነት ሰጡት፣ ክብደቱንም እንደ ወቅቱ ያንቀሳቅሱት ነበር። በ1851 ታናካ ሂሳሺጌ የሚባል ሰው ይህን ሁሉ በራሱ የሚያስተካክል አንድ ግሩም ሰዓት ሠርቶ ጨረሰ። ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ የታወቀ ነው፦ አሮጌው ሲስተም ላይ እየለጣጠፍክ ትቆያለህ፣ ከዚያ አንድ ቀን አለቃህ መጥቶ ሁሉንም አጥፋው ይልሃል።

አለቃው የሜጂ መንግሥት ነበር። ከጥር 1 ቀን 1873 ጀምሮ የፈረንጅ የቀን መቁጠሪያና 24 እኩል ሰዓት ይሆናል ብሎ አወጀ፤ አዋጁ የወጣው ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው ነው። የአሮጌው ዓመት 12ኛ ወር ሁለት ቀን ብቻ ኖሮ ሞተ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1881፣ ኪንታሮ ሃቶሪ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ቶኪዮ ውስጥ የሰዓት ሱቅ ከፈተ። በ1892 ሴይኮሻ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመ፣ በ1913 የጃፓንን የመጀመሪያ የእጅ ሰዓት ሠራ። ሴይኮ ያ አዋጅ ከፈጠረው ገበያ የተወለደ ልጅ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

እኛ ጋ ጃፓን የመነጋገሪያ አጀንዳ የሆነችው ዘግይቶ ነው። በ1930 ሁለቱ አገሮች የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄዱ፣ ተመልሰውም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። በዚያው ዓመት የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አብነት ያደረጉት የሜጂን ሕገ መንግሥት ነው። ጃፓንን እንከተል የሚሉት ምሁራን እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ «ጃፓናውያን» ይባላሉ። እኔን የሚገርመኝ ያልተቀዳው ነው። ጃፓን ለመዘመን ስትነሣ ቀድማ ከጣለቻቸው ነገሮች ውስጥ ሰዓቷና የቀን መቁጠሪያዋ አሉበት። እኛ ሕገ መንግሥቱን ወስደን ሰዓታችንን ባለበት ተውነው።

አንዳንዱ ይህን ግትርነት ይለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ኩራት። እኔ መልሱ ያለው ኬክሮስ ላይ ነው ባይ ነኝ። አዳማ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው፤ ረጅሙና አጭሩ ቀኗ የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ያህል ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 12:50 ባለው ውስጥ ትወጣለች። ስለዚህ የአውሮፓው ማሽን ሲመጣ የእኛን ሰዓት ለመቁጠር ምንም መለጠፍ አላስፈለገውም። ማዞሪያውን ስድስት ሰዓት ማዞር ብቻ! ባለ 12 ቁጥር ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት ማለት ትክክለኛው ተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ረጅሙ ቆጣሪ ካለበት ሳይነቃነቅ አጭሩ ብቻ ፊቱን ያዞራል። ለዚህ ነው የሁለቱንም ሰዓት ተጠቃሚ አንዲት ተራ ሰዓት የምታገለግለው፤ አጭሩን ቆጣሪ በጫፉ ወይም በጀርባው ታነቡታላችሁ።

ከዚያ ጃፓኖቹ ገሰገሱ። በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ይፋዊ ሰዓት ለኪ ሴይኮ ነበር፤ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2:12:11.2 የጨረሰው እዚያ ነው። በ1969 የገና ዕለት ሴይኮ በኳርትዝ የሚሠራ የመጀመሪያውን የእጅ ሰዓት በ450,000 የን ገበያ አወጣ፤ የመኪና ዋጋ ማለት ነው። 20 ዓመት ቆይቶ፣ በ1989፣ ካሲዮ ኤፍ-91 ደብሊው ያን ቴክኖሎጂ የተማሪ ኪስ ውስጥ አስገባችው። ኳርትዙ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህን 15 ጊዜ ለሁለት ስትካፈሉት አንድ ሰከንድ ይወጣል። በጣም የማምር ኮድ ጽፌ እንኳ ይህን ያህል አላሳጠርኩም።

እሺ፣ የቱን እንግዛ? ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ጀምሮ «ርካሽ» የሚለው ቃል ራሱ ተንሸራቷል፤ ቢሆንም ካሲዮዋ አሁንም ከብዙ ጫማ ታንሳለች። በወር ብትሳሳት 30 ሰከንድ ነው፣ ባትሪዋ 7 ዓመት ያህል ይቆያል። የቀን መቁጠሪያዋ ግን ፈረንጅ ነው፣ ያውም ዓመት የማታውቅ ፈረንጅ። ወሩን በእኛ አሞልቼ እጠቀምባታለሁ ብትሉ 2ኛው ወር ሁልጊዜ 28 ቀን ስለሆነባት ጥቅምት 28 ሲያልፍ ኅዳር 1 ትላችኋለች። ጳጉሜን ደግሞ አታውቃትም። ፎርጅዷን ለመለየት የታችኛውን የቀኝ ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ተጭናችሁ ስሟ ሲወጣ ማየት የቆየ ዘዴ ነው፤ አንዳንድ ፎርጅዶች ግን ይህንንም ተምረዋል።

እኔ የምመርጠው ከ1963 ጀምሮ የሚሠራውን ሴይኮ 5ን ነው፤ በተለይ 7ኤስ26 የሚባለው ሞተር ያለባቸውን ያገለገሉ። ባትሪ የለውም፣ እጃችሁ ሲንቀሳቀስ ይሞላል። በፋብሪካው መለኪያ በቀን እስከ 40 ሰከንድ ሊቀድም፣ እስከ 20 ሊዘገይ ይችላል፤ ትክክለኛ ደቂቃ የሚፈልግ ስልኩን ይይ። ስልኩ ግን የሚነግራችሁ የሰርቨሮችን ሰዓት ነው። እጄ ላይ ያለው ሲነጋ 12 እንዲል እፈልጋለሁ።

በዚህ ሰዓት ላይ ቀኑ የሚቀየረው አጭሩ ቆጣሪ በየ24 ሰዓቱ አንዱ 12 ላይ ሲደርስ ነው። ሰዓቱን ለሀበሻ ስትሞሉት ያ 12 ንጋት ይሁን ምሽት የመምረጥ ዕድል አላችሁ። ንጋት ካደረጋችሁት «ለማክሰኞ አጥቢያ» የምንለው ሌሊት ሰኞ ሆኖ ያልፋል። ምሽት ካደረጋችሁት ማክሰኞ የሚገባው እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ዋዜማ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ጥንቃቄው ደግሞ አብሮ ይዞራል። ወረቀቷ ሰዓቱ ከምሽቱ 9 እስከ ንጋቱ 4 ባለበት ቀኑን በእጅ አትቀይሩ፣ ጥርሱ ይሰበራል የምትለው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በምሽት መርጣችሁ ከሆነ ይህ የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ጠዋት ላይ ቀይሩት።

ቀለበቱ 31 ቀን ስላለው በየወሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ ትገፉታላችሁ። ጳጉሜን 5 አልፋ መስከረም ስትጠባ ግን ሰዓቱ 6 ይላል፤ ከዚያ 26 ጊዜ እየገፋችሁ 1 ላይ ታደርሱታላችሁ። በ2019 ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 25 ይበቃል።