ቀባሪ የተከለከለባት መንደር፤ የእንግሊዟ ኢም

ውድ የዕድራችን አባላት፣ ሰው ሲሞት ጥሩንባ አስነፍተን፣ ድንኳን ተክለን፣ ተሰብስበን መቅበሩን ለምደነዋል። ዛሬ የማነሳላችሁ መንደር ግን በአንድ ወቅት ቀባሪ እንዳይሰበሰብ ራሷ የከለከለች ናት። ስሟ ኢም ይባላል፤ በእንግሊዝ አገር በዳርቢሻየር ኮረብታዎች መካከል የምትገኝ ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

የጥንት ነዋሪዎቿ ገበሬዎችና እርሳስ ቆፋሪዎች ነበሩ። በቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ 1,200 ዓመት ገደማ የሆነው የድንጋይ መስቀል ቆሟል። በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአካባቢው ሰው በቀር ኢምን ማን ያውቃት ነበር?

ስሟን ያስጠራው ቸነፈር ነው። በ1665 በሽታው ለንደንን ሲፈጅ፣ አሌክሳንደር ሃድፊልድ ለተባለ የመንደሩ ልብስ ሰፊ ከዚያው ከለንደን የጨርቅ ጥቅል መጣ። ጨርቁ ረጥቦ ስለነበረ ረዳቱ ጆርጅ ቪካርስ እሳት ዳር ዘርግቶ አደረቀው ይባላል። ለካ ቁንጫ ኖሮበታል! ቪካርስ ሴፕቴምበር 7 ቀን ተቀበረ። ታዲያ ያን ጊዜ የበሽታውን መተላለፊያ ማን ያውቃል? ጀርሙ እንኳ የተገኘው በ1894 ነው።

በብርዱ ወራት ጋብ ያለው ቸነፈር በ1666 እንደገና ሲያገረሽ ሕዝቡ ሊሸሽ ተነሣ። ወጣቱ ቄስ ዊሊያም ሞምፐሶን ብቻውን ሊያግደው አልቻለም። ስለዚህ ከሱ በፊት የነበረውን ቶማስ ስታንሊን ፈለገው። ስታንሊ የመንግሥቱን የጸሎት ሥርዓት አልቀበልም ብሎ ከሥራው የተነሣ ሰው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ይሰማዋል። በሃይማኖት ነገር የማይስማሙት ሁለቱ ሰዎች ተመካከሩና ሕዝቡን አሳመኑት። ማንም ከመንደሩ አይወጣም፤ ጸሎቱ ከክሌት ዴልፍ በሚባለው ሸለቆ ሜዳ ላይ ይሆናል፤ ሬሳውን ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየጓሮውና በየማሳው ራሱ ይቀብራል።

ከቻትስወርዝ የዴቮንሻየር ኧርል ቀለብ ይልክላቸው ነበር። ጎረቤቶችም ምግቡን በወሰኑ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። የመንደሩ ሰው የሚከፍለውን ሳንቲም ኮምጣጤ በተሞላ የድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ይተውላቸዋል። ያ ባለቀዳዳ ድንጋይ ዛሬም አለ።

አሁን ወደ ኤልሳቤጥ ሃንኮክ ልምጣ። ይህች ሴት ከመንደሩ ወጣ ብሎ ራይሊ በተባለ እርሻ ትኖር ነበር። በኦገስት 1666፣ በ8 ቀን ውስጥ፣ ባሏንና 6 ልጆቿን አጣች። የሚረዳት ሰው አልነበረም፤ ጉድጓዱን ቆፍራ፣ ሬሳውን ጎትታ፣ አንድ ባንድ የቀበረቻቸው እሷው ናት። አይዞሽ የሚላት፣ አብሯት ደረት የሚመታ አልነበረም። እሷ ግን ተረፈች።

ማርሻል ሃው የሚባልም ነበር። በበሽታው ተይዞ የዳነ ነውና ዳግመኛ አይዘኝም ብሎ የሌላውን ሬሳ ይቀብር ነበር፤ የድካሙን ዋጋ ከሟቹ ዕቃ ይወስዳል እየተባለ ይታማል። ይታማ እንጂ፣ ሌላው ሲፈራ አካፋውን ያነሣው እሱ ነው።

የቄሱ ሚስት ካተሪን በሽተኞችን ስትረዳ ቆይታ ኦገስት 25 ቀን ሞተች። መቃብሯ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። ሌላው በማሳው እየቀበረ የሷ በግቢው መሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር ያሰኛል። ልጆቻቸውንም መንደሩ ሳይዘጋ በፊት አውጥተዋቸው ነበር። ሞምፐሶን ራሱ ግን አልሸሸም፤ ሚስቱን ቀብሮ እዚያው ከሕዝቡ ጋር ቆየ።

ቸነፈሩ በ14 ወር ውስጥ 260 ያህል ሰው ጨርሶ በኖቬምበር 1666 ቆመ። ሞምፐሶን በዚያው ወር በጻፈው ደብዳቤ 76 ቤተሰቦች እንደተጎዱ ቆጥሯል። በሽታው ግን ከኢም አልፎ በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች አልፈጀም።

በየዓመቱ በኦገስት የመጨረሻ እሑድ የመታሰቢያ ጸሎት ይደረጋል። የሃንኮክ ቤተሰብ መቃብርም በድንጋይ አጥር ተከልሎ እዚያው ራይሊ ሜዳ ላይ ይገኛል።