ብርሃን ወለድ መመሳሰል

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ፣ ዱንጉዛ የተባለውን ባህላዊ ልብስ የሚያሰፋ ሰው፣ ልብስ ሰፊው ለኮሌታው ያመጣው ቀይ ጨርቅ ከዱንጉዛው ቀይ መስመር ጋር መግጠሙን በአምፖል ብርሃን አይቶ ይስማማል እንበል። ልብሱ ተሰፍቶ ደጅ ሲወጣ አንዱ ቀይ ወደ ብርቱካን፣ ሌላው ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ ይችላል። ቀለሙ አልለቀቀም፤ ሰፊውም አላታለለም። በአንድ ብርሃን ሥር አንድ መስለው በሌላው የሚለያዩ ቀለሞች ጠባይ ሜታመሪዝም ይባላል። ቃሉን ለቀለም ያዋለው በ1909 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ዊልሄልም ኦስትቫልድ ነው። እኛ «ውሃ ወለድ በሽታ» እንደምንለው፣ ይህንንም «ብርሃን ወለድ መመሳሰል» ብንለው ያስኬዳል።

ምክንያቱ ያለው ዓይናችን ውስጥ ነው። ቀለም የምንለይባቸው ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ የሚደርሳቸውን ብርሃን ሞገድ በሞገድ አይዘረዝሩም፣ ሦስት ድምር ብቻ ያወጣሉ። ሶዶ ገበያ አንዱ ቅቤና ቡና፣ ሌላው ቦዬና በርበሬ ገዝተው ሂሳባቸው እኩል ሊመጣ ይችላል። ዋጋው ሲለወጥ ግን ሂሳባቸው ይለያያል። ብርሃን እንደ ዋጋው ነው፤ ጨርቆቹ ብርሃንን የሚመልሱበት መንገድ ደግሞ እንደ ዘንቢሉ ይዘት።

ሁለቱ ቀዮች በተለያየ ማቅለሚያ ከተነከሩ መለያየታቸው የሚጠበቅ ነው። ጥጥና ፖሊስተር ደግሞ የሚቀለሙበት ኬሚካል ከመነሻው የተለያየ ነው፤ ስለዚህ የጥጥ ጨርቅን በፖሊስተር ክር የሚሰፋ ሰው ችግሩን አብሮ ይሰፋል ማለት ይቻላል። ጥቁርም አይታመንም፤ አንዱ ጥቁር ደጅ ሲወጣ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ የሚያጋድልበት ጊዜ አለ።

አምፖሉም ድርሻ አለው። ባለ ሽቦው የድሮ አምፖል ቀይ ብርሃን የተትረፈረፈበት፣ ሰማያዊ ያነሰው ነው። የተለመደው ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፎስፈር ተጨምሮበት የሚሠራ ስለሆነ፣ ርካሹ ዓይነት ደማቅ ቀይን አደብዝዞ ያሳያል። አምፖሎች ቀለምን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳዩ የሚለካበት መመዘኛ ጣሪያው 100 ነው፤ ባለ ሽቦው ወደዚያ ሲጠጋ ብዙው ኤልኢዲ 80 አካባቢ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ለሚፈራረቁበት ዱንጉዛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድን ጨርቅ ለብቻው አይቶ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ዓይን ከብርሃኑ ጋር ይላመድና ቀይን ቀይ ማለቱን ይቀጥላል። ልዩነቱ የሚታየው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ነው። የጨርቅ ፋብሪካዎች ለዚህ የተለያዩ አምፖሎች የተገጠሙበት ሳጥን አላቸው፤ አንደኛው አምፖል የቀን ብርሃንን ይተካል። ሶዶ ላለ ደንበኛ የሱቁ በረንዳ ይበቃዋል፦ ጨርቁንና ክሩን አብሮ ይዞ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ጥላ ላይ አይቶ፣ ከዚያ አምፖሉ ሥር መልሶ ማየት። ለሠርግ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ልብስ የሚያሰፋ ከሆነ ግን ክሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ አብሮ የተነከረ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።