ኦታኮን

ኦታኮን አኒሜ የተባለውን የጃፓን አኒሜሽንና ማንጋ የተባሉትን የሥዕል ታሪኮች የሚወዱ ሰዎች በየዓመቱ የሚሰባሰቡበት የአሜሪካ ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በፔንሲልቬንያ ስቴት ኮሌጅ ከተማ ተጀመረ፤ ከ1999 እስከ 2016 በባልቲሞር ቆይቶ በ2017 ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ተዛወረ። የሚያዘጋጀው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን ሥራውን የሚያካሂዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ትልቁ ድምቀት ከመድረኩ ይልቅ በመተላለፊያው ላይ ይታያል። ኮስፕሌይ፣ ማለትም የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ መስሎ ለብሶ መምጣት፣ ግዴታ አይደለም፤ ሆኖም ብዙዎች ወራት ይደክሙበታል፤ ዊግ ይከረክማሉ፣ ከፎም ጥሩር ይቀርጻሉ፣ ካባ ይሰፋሉ። ቤተሰብና ጓደኛሞች የአንድ ታሪክ ገጸ ባሕርያትን ይከፋፈላሉ። በ2019 መውጣት የጀመረው የታትሱያ ኤንዶ ማንጋ «ስፓይ ፋሚሊ» ለዚህ የተመቸ ነው፤ አባት፣ እናት፣ ትንሽ ልጅ፣ ውሻ ሳይቀር አለው። አያት የሚሆን ገጸ ባሕርይም ከሌሎች ታሪኮች አይጠፋም፤ የጃፓን አኒሜ በሽማግሌ ጠቢባን የተሞላ ነው።

ሰይፍና ጠመንጃ መሰል ዕቃዎች ይፈተሻሉ። ገጸ ባሕርይ መስሎ የለበሰን ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ ወግ ነው፤ ሳያስፈቅዱ መንካት ደግሞ ነውር። ልጅ ለያዘ ሰው ከደንቡ ይልቅ የሚከብደው ጉባኤው በሚካሄድበት በሐምሌና በነሐሴ ያለው የዲሲ ሙቀት ነው፤ ጭንብልና ወፍራም ካባ ለሕፃን አይመከርም።

ጉባኤው የሚካሄደው ሾው ሰፈር አጠገብ በሚገኘው የዋልተር ኢ. ዋሽንግተን የስብሰባ ማዕከል ነው። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚታወቁበት 9ኛ ጎዳና ከዚያ በእግር ይደረሳል።