የጨለለቃ ሐይቅና የካርታ ንባብ

ከሻሸመኔ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ መናኸሪያ የሚጓዝ መንገደኛ የጥቁር ውኃን ድልድይ ይሻገራል። ከዚያ በስተምሥራቅ ያለው ረግረግ የጨለለቃ ሐይቅ የነበረበት ስፍራ ነው። በ1964 ዓ. ም. ገደማ ሐይቁ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ጭቃና ሣር ብቻ ቀረ። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን የሚያህል ለውጥ በሰው ፊት ሲፈጸም ስለ ምን ቶሎ እንደማይስተዋልና ካርታ ምን እንደሚረዳ መመርመር ነው።

በተፋሰሱ ደኑ ተመንጥሮ መሬቱ ታረሰ፤ ጎርፍም አፈሩን እየጠረገ ሐይቁን በደለል ሞላው። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። ውኃው በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይጎድላል፤ ስለዚህ የየዓመቱ መዋዠቅ የዘመናቱን መቀነስ ይሸፍነዋል። ተመልካቹም ዛሬ ያየውን ዳርቻ የሚያነጻጽረው ከአምናው ጋር እንጂ አባቱ ካየው ጋር አይደለም።

ካርታ ግን የተነሣበት ቀን አለው። በሐምሌ 1964 ዓ. ም. በኋላ ላንድሳት የተባለችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከመጠቀች ወዲህ የአንድን ስፍራ ምስል በየጊዜው ማግኘት ተችሏል። ሆኖም ምስሎቹን እንደ ሲኒማ አዋሕዶ ቀስ በቀስ ማሳየት ዓይንን መልሶ ያታልላል። ዳንኤል ሲሞንስና ባልደረቦቹ እ. ኤ. አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ምስል ሳይቋረጥ ዝግ ብሎ ሲለወጥ ተመልካቾች ትልቁን ለውጥ እንኳ ብዙ ጊዜ እንደማያስተውሉት አሳይተዋል። በአንጻሩ ክላይድ ቶምባው እ. ኤ. አ. በ1930 ፕሉቶን ያገኘው በተለያዩ ሌሊቶች የተነሡ ሁለት የሰማይ ፎቶግራፎችን እያፈራረቀ በመመልከት ነበር፤ ሌሎቹ ከዋክብት ባሉበት ሲረጉ አንዲቱ ነጥብ ቦታዋን ለወጠች።

ከዚህ የምንማረው የአሠራር ሥርዓት ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የሚነጻጸሩት ካርታዎች መጠነ ልኬታቸው አንድ ይሁን። ሁለተኛ፣ የበጋው ከበጋ፣ የክረምቱም ከክረምት ጋር ይነጻጸር። ሦስተኛ፣ በዘመን የተራራቁት ሁለቱ ጎን ለጎን ይዘርጉ ወይም ይፈራረቁ፤ የሐይቁም ዳርቻ በመስመር ይነደፍ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ወንዝም ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ቀድሞ ጨለለቃ ያስቀረው የነበረ ደለል ወደ ፊት ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም። እንግዲህ የሁለት ዘመን ካርታ ሳይዘረጉ «ሐይቁ እንደ ነበረ ነው» ማለት ማስረጃ የሌለው ቃል ነው፤ ስለ ጨለለቃም እንዲሁ ይባል ነበርና።