ልጆች ቲክቶክ ሲጠቀሙ ወላጆችና አሳዳጊዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ይህ መረጃ ልጆቻቸው ቲክቶክ ለሚጠቀሙ ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና መምህራን የተዘጋጀ ነው። መተግበሪያው ለልጆች የሚያደርገው ጥበቃ በምን ላይ እንደተመሠረተ፣ እንዲሁም በልጅ ላይ ማስፈራራት ወይም ማባበል ሲፈጸም ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝና ለማን እንደሚቀርብ ያብራራል።

የልደት ቀን አሞላል

የቲክቶክ አካውንት ለመክፈት የተወሰነው ዝቅተኛ ዕድሜ 13 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዋና ዋና ጥበቃዎች ሥራ ላይ የሚውሉት አካውንቱ ሲከፈት በተሞላው የልደት ቀን መሠረት ነው። ከ16 ዓመት በታች ተብሎ የተመዘገበ ልጅ አካውንት ሲከፈት ጀምሮ ለማያውቁት ሰዎች ዝግ ይሆናል፤ የግል መልእክት መላላክም አይፈቀድለትም። በቀጥታ ሥርጭት መቅረብና ስጦታ መላክ 18 ዓመት ለሞላቸው ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ ይቀመጥላቸዋል።

በአገራችን በዚህ ረገድ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ችግር አለ። መተግበሪያው ዘመኑን የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ2005 ዓ.ም. መጋቢት ወር የተወለደ ልጅ «2005» ብሎ ቢሞላ፣ መተግበሪያው በ8 ዓመት አስበልጦ ይመዘግበዋል፤ ትክክለኛው 2013 ነውና። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ለተወለዱት ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። በዚህ ስሌት የ11 ዓመት ልጅ ያለ ምንም የማታለል ሐሳብ በመተግበሪያው ዘንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ ከላይ የተዘረዘሩት ገደቦችም አንዳቸውም አይመለከቱትም። ስለዚህ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው የልጁ አካውንት በየትኛው የልደት ቀን እንደተከፈተ ነው። ስሕተት ከተገኘ በመተግበሪያው የእርዳታ ክፍል በኩል እርማት መጠየቅ፣ ወይም አካውንቱን ሰርዞ በትክክለኛው ቀን መክፈት ያስፈልጋል። ልጁ 13 ዓመት ያልሞላው ከሆነ አካውንቱ መዘጋት ይኖርበታል።

በእናት ወይም በታላቅ ወንድም ስልክና አካውንት የሚጠቀም ልጅም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ይገኛል። መተግበሪያው የሚያውቀው የአካውንቱን ባለቤት እንጂ ስልኩን የያዘውን ልጅ አይደለም።

የወላጅና የልጅ አካውንት ማጣመር

በቲክቶክ የቅንብር ገጽ ላይ «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚባል አገልግሎት ይገኛል። ወላጁ የራሱን አካውንት ከፍቶ በስልኩ ላይ የሚወጣውን ኮድ በልጁ ስልክ በማንበብ ሁለቱን ያገናኛል። ከዚያ በኋላ የአጠቃቀም ሰዓትን መወሰን፣ ለልጁ መልእክት ሊልኩ የሚችሉትን መገደብ፣ የፍለጋ አገልግሎቱን መዝጋትና ለልጆች የማይመጥኑ ይዘቶችን መቀነስ ይችላል። ልጁ ግንኙነቱን ቢያቋርጥ ለወላጁ ማሳወቂያ ይደርሰዋል።

አገልግሎቱ የሚሠራው በአካውንቶቹ መካከል በመሆኑ ወላጁና ልጁ በአንድ ቤት መኖራቸው ግዴታ አይደለም። በዐረብ አገራት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ከአያቱ ጋር የሚኖረውን ልጇን አጠቃቀም ከዚያው ሆና መከታተል ትችላለች። ሆኖም ልጁ ሳያውቅ የሚደረግ ክትትል ብዙ አያስኬድም። ምን እንደተገደበና ለምን እንደተገደበ ካልተነገረው፣ ሌላ አካውንት ለመክፈት የሚፈጅበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከቲክቶክ ወደ ቴሌግራም

ልጆችን የሚያባብሉ ሰዎች በቲክቶክ የግል መልእክት መላክ ሲከለከሉ አስተያየት መስጫው ላይ «ቴሌግራም ላይ አውሪኝ» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ይህ ጥያቄ ከማያውቁት ሰው ሲመጣ እንደ ማስጠንቀቂያ መወሰድ ይኖርበታል። በቴሌግራም የግላዊነት ቅንብር ውስጥ የስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያየው፣ ልጁንም ወደ ቡድን ማስገባት የሚችሉት በስልኩ የተመዘገቡ ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላል።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የታክሲ መሳፈሪያ ወይም የቤት በር የሚታይበት ቪዲዮ የልጁን የዕለት መንገድ ለማያውቀው ሰው ይነግራል። ይህ ወላጆች ራሳቸው ስለሚለቋቸው የልጆች ቪዲዮዎችም ይመለከታል። ሕፃንን ስጦታ ለመሰብሰብ በቀጥታ ሥርጭት ፊት ማቅረብ ደግሞ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከተቀመጠው የሕፃናትን ደኅንነት የማስቀደም መርሕ ጋር አብሮ የሚሄድ ተግባር አይደለም።

ማስፈራራት ሲያጋጥም

በብዛት የሚከተለው መንገድ እንዲህ ነው፤ ልጁን በማግባባት ፎቶ ያስልኩታል፣ ቀጥሎ ፎቶውን ለቤተሰብና ለትምህርት ቤት እንደሚበትኑ በመዛት ገንዘብ ወይም ተጨማሪ ፎቶ ይጠይቁታል። ገንዘብ መክፈል ዛቻውን አያቆመውም፤ የሚከፍል ሰው መገኘቱን ያረጋግጥላቸዋል እንጂ። ልጁም በዚህ ጊዜ ተግሣጽና ዱላ የሚጠብቀው ከሆነ ችግሩን ለወላጁ ከመናገር ይልቅ የተጠየቀውን መፈጸም ይመርጣል።

በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 መሠረት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን የሚያሳይ የወሲብ ምስል ማዘጋጀት፣ ማሰራጨት ወይም ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። ጸያፍ ንግግር፣ ምስል ወይም መልእክት በመላክ ልጅን ለወሲብ ድርጊት ማነሣሣትም በጽኑ እስራት ያስቀጣል። በማስፈራራት የሚፈጸመው ድርጊት በአንቀጽ 13 ተደንግጓል።

ማስረጃን በተመለከተ መልእክቶቹን አያጥፉ፤ ከማገድዎ በፊት የላኪውን የአካውንት ስም፣ የገጹን አድራሻ፣ የስልክ ወይም የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን፣ መልእክቱ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግቡ፤ የዛቻውን ጽሑፍም በስክሪን ፎቶ ያስቀምጡ። የልጁ የራሱ ምስል ግን ለዘመድ፣ ለመምህር ወይም «ለማጋለጥ» ተብሎ ለማንም መተላለፍ የለበትም። ስልኩን እንዳለ ለፖሊስ ማቅረብ ይበቃል።

አቤቱታው በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ይቀርባል። አስቸኳይ አደጋ ካለ በ991 መደወል ይቻላል። ልጁ የሥነ ልቦና ወይም ሌላ ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባል። በአዋጁ መሠረት አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ይዘው የማቆየት ግዴታ ያለባቸው ለአንድ ዓመት በመሆኑ፣ አቤቱታው ሲዘገይ ፈጻሚውን ለይቶ ማወቅ እየከበደ ይሄዳል።

ጥቆማ ለማቅረብ ወላጅ መሆን አያስፈልግም። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 መሠረት፣ ድርጊቱ ሲፈጸም በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ የማመልከት መብት ስላለው፣ መምህር፣ ጎረቤት ወይም ታላቅ እህት ጉዳዩን ለፖሊስ ማሳወቅ ትችላለች።