ሙቀትና ሥራ፦ የቀጥታ ሥርጭት በትንሹ ኮምፒዩተር

የኤሌክትሮኒክ ስሌት ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሙቀት ከሥራው ተለይቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1946 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ኤኒያክ ከ17,000 በላይ ቫኪዩም ቲዩቦች የነበሩትና 150 ኪሎ ዋት ያህል የሚፈጅ በመሆኑ፣ አየር የሚነፉ ማራገቢያዎች ግድ ሆነውበት ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ከመዳፍ ባይበልጥም ሕጉ ያው ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኃይል በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወደ ሙቀት ይለወጣል።

የሥርጭቱ ሸክም ምን ያህል እንዳደገ ለመገንዘብ የካምብሪጅን ታሪክ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1991 የዚያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ላቦራቶሪ ባልደረቦች ቡና መኖሩን ከየክፍላቸው ሆነው ለማወቅ በማፍያው ፊት ካሜራ አቆሙ። ካሜራው 128 በ128 ነጥብ የሆነ፣ ቀለም የሌለው ምስል በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ያሳይ ነበር። ይህ በሰከንድ ሲሰላ ከ1,000 ነጥብ በታች ነው። ዛሬ የተለመደው 1920 በ1080 ነጥብ፣ በሰከንድ 30 ምስል ሲላክ ግን ከ62 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ይስተናገዳሉ።

ይህን ሁሉ እንዳለ መላክ ስለማይቻል ምስሉ መታመቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ኤች.264 የተባለው ደንብ አንዱን ምስል ከሌላው ጋር እያነጻጸረ በአመዛኙ የተለወጠውን ብቻ ይልካል፤ ፕሮሰሰሩን የሚያደክመውም ይኸው ፍለጋ ነው። በዚያችው በካምብሪጅ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ራዝበሪ ፓይ ፕሮሰሰሩ ደካማ ቢሆንም፣ ለማመቅ ሥራ ብቻ የተለየ ክፍል በቺፑ ውስጥ ስለ ነበረው ሸክሙን ሳይቸገር ይወጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አራተኛው ትውልድ ፍጥነቱ ሲጨምር ሙቀቱም ጨመረ። በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቺፑ ይተርፋል፣ ሥርጭቱ ግን ይቆራረጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በአምስተኛው ትውልድ ደግሞ የኤች.264 ማመቂያው ክፍል ቀርቶ ሥራው ወደ ዋናው ፕሮሰሰር ተመለሰ፤ አምራቹም ማራገቢያ ያለው ማቀዝቀዣ ለብቻው አዘጋጀ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ማራገቢያ ሙቀትን እንጂ ሥራን እንደማይቀንስ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሥራውን መመጠን ይገባል። ምስሉን ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ ብቻ የነጥቦቹን ብዛት ከግማሽ በታች ያደርሰዋል፤ ከ30 ምስል ወደ 25 መውረድም ያግዛል። ካሜራው ራሱ አምቆ የሚያወጣ ከሆነም ምስሉን ሳይፈቱ እንደ መጣ ማሳለፍ ይሻላል። ማራገቢያው ከዚህ በኋላ የሚታሰብ ነው፤ በተለይ በደጋው አገራችን አየሩ ስስ በመሆኑ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ አነስተኛ ነው፣ በቆላውም አየሩ ራሱ የሞቀ ነው።

ሙቀት ቀስ በቀስ የሚጠራቀም እንደ መሆኑ፣ የአምስት ደቂቃ ሙከራ አያስተማምንም፤ ሙከራው የጉባኤውን ሰዓት ያህል ሊቆይ ይገባዋል። በሩቅ ያለው አባል ጉባኤውን የሚካፈለው በዚያች ትንሽ መሣሪያ በኩል ብቻ ነውና፣ እርሷ ስትዝል ከስብሰባው የሚቀረው እርሱ ነው።